ፈረስህን ይዘህ ከወሎ ሰላሌ፦ ከጭነት እስከ ግልቢያ

ፈረሱን ይዞ ሌላ ክልል ሊሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ግልቢያው ነው። ሜዳቸው እንዴት ነው? ጉግሳቸው ከኛ ይለያል? ኮርቻዬ ያሳፍረኛል? ኧረ ተው! ፈረስህን የሚጎዳው እዚያ ሄደህ የምትጋልበው ሩብ ሰዓት አይደለም። እዚያ ለመድረስ አይሱዙ ላይ ቆሞ የሚውለው ቀን ነው።

ይህን ያወቅሁት ተቃጥዬ ነው። እኔ የወሎ፣ የወረኢሉ መስመር ሰው ነኝ። እህታችንን ሰላሌ፣ ፍቼ አካባቢ ዳርናትና፣ በሰው ፈረስ አናጅባትም ብለን የራሳችንን ጭነን ሄድን። ሹፌሩ «አጠር አድርገህ እሰረው፣ አለዚያ ይዘላል» አለኝ። እኔም አንገቱን ወደ ላይ ሰቅዬ ከመኪናው ብረት ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ዳማ ፈረሴ አንገቱ እንደተሰቀለ ፍቼ ገባ። በማግስቱ መሳል ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫው ቢጫ ንፍጥ ወረደ፣ የሰውነቱ ሙቀት 40 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የሰርጉ ዕለት ሰው ሁሉ በፈረስ፣ እኔ በእግሬ፣ ዣንጥላ ይዤ።

የእንስሳት ሐኪሙ ነው ነገሩን ያስረዳኝ። ፈረስ አቧራና አክታ ከመተንፈሻው የሚያወጣው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲግጥ የሚውል እንስሳ ነዋ። ለብዙ ሰዓት ቀና ብሎ ከታሰረ ቆሻሻው ወደ ሳንባው ይወርድና የሳንባ ምች ይሆንበታል። ከዚህ በታች የጻፍኩት በሁለተኛው ጉዞ ያደረግሁትን ነው። ያኔ ዳማው ሄዷል፣ ተጋልቧል፣ በሰላም ቤቱ ገብቷል።

መቼ ልሂድ?

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ምክንያቱ ሰርግና ጥምቀት ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ቆላው በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይሞላል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። በንክኪ አይተላለፍም፣ በንክሻ ነው። ከያዘው ደግሞ ዓይኑና ፊቱ ያብጣል፣ ወይ ትንፋሽ ያጥረውና ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል፣ ብዙ ፈረስ ከዚህ አይተርፍም። ፈውስ የለውም፣ ክትባት ግን አለው፤ የሚመረተውም እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ነው። የደጋ ፈረስ ይዘህ በሸዋ ሮቢት ቆላ የምታልፍ ከሆነ ይህን ክትባት ሳታስወጋ አትነሳ።

ከወር በፊት የሚጀመር ሥራ

ክትባቱን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አስወጋው። ዛሬ ተወግቶ ነገ የሚሠራ ክትባት የለም። የወረዳህን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስታገኝ የአባሰንጋውንና የመንጋጋ ቆልፉንም ጠይቀው፣ ካለ አስወጋ። የሆድ ትል መድኃኒትም በዚያው ይሰጠው።

ኮቴውን ከሁለት ሳምንት በፊት አስተካክል። ዋዜማው ላይ አይደለም! ትንሽ ጠልቆ ከተቆረጠ ማነከሱ አይቀርም፣ አንካሳ ፈረስ ደግሞ በሚወዛወዝ መኪና ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም።

ውሃው ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ፈረስ የማያውቀውን ውሃ አሽትቶ ይተወዋል፣ በተለይ የቧንቧ ውሃ ከሆነ። ዘዴው ቀላል ነው። ቤት እያለህ ለሁለት ሳምንት ውሃው ላይ አንድ እፍኝ ፉርሽካ እየበተንክ አለማምደው። በመንገድም በደረስክበትም ያንኑ ታደርጋለህ። ውሃው ከደሴ ይሁን ከደብረ ብርሃን፣ ለሱ ጣዕሙ የቤቱ ነው። የኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፣ ግን በቀን ከ10 እስከ 20 ሊትር ይፈልጋል፣ በሙቀት ከዚያም በላይ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተህ ጫን።

መኪና ላይ መውጣትም ይለማመድ። አይሱዙ ካላገኘህ መሬት ላይ ጣውላ አንጥፈህ እየደጋገምክ አሳልፈው። የሚያስፈራው ከፍታው ሳይሆን ከኮቴው ሥር «ዱም» የሚለው ድምፅ ነው።

አንዳንዱ ፈረስ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። መውለጃዋ የደረሰ ባዝራ፣ ጀርባው የቆሰለ፣ የከሳ፣ የሚያነክስ አይሄድም። እግሩ ወይም አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ያለበት በተለይ አይሄድም። ያ ተላላፊ ነው፣ በቁስልና በዕቃ ይተላለፋል። የጋሪ ፈረሶች ላይ ብዙ ጊዜ ታየዋለህ። ከነሱ ጋር ልጓምና ግላስ (የኮርቻ ጨርቅ) አትዋዋስ።

ወረቀት

አጭር ነው። ከቀበሌ ፈረሱ ያንተ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ መልኩና ምልክቱ ተጽፎበት። «ዳማ፣ ግንባሩ ቦራ፣ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ» እስከሚባል ድረስ ይጻፍ፣ «አንድ ፈረስ» ብቻ የሚል ወረቀት ኬላ ላይ ያስቆምሃል። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደግሞ የጤና ማስረጃ፣ ክትባቱ ከነቀኑ ተጽፎበት። ከዚያ ያንተ መታወቂያ። ሁሉንም ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። እዚያ የሚቀበልህ ዘመድም ያካባቢውን ቀበሌ አስቀድሞ ያናግር። የክልል ወሰን ስታልፍ «ይህ ፈረስ የማን ነው?» መባሉ አይቀርምና አስቀድሞ የሚያውቅህ ሰው መኖሩ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው ሁለት ሦስት ሹፌር ጠይቅ። ማታ አትጓዝ።

መኪናውና ጭነቱ

ጎኑ ከፈረሱ ደረት ከፍ ያለ አይሱዙ ያዝ። ከመጫንህ በፊት ወጥተህ ውስጡን በመዳፍህ ዳስሰው። እኔ በሁለተኛው ጉዞ ስዳስስ በፈረሱ ትከሻ ልክ አንድ የወጣ ምስማር አገኘሁ፣ ጫፉ ላይ የበሬ ፀጉር ተለጥፎበታል። በድንጋይ ቀጥቅጬ አጠፍኩት። በዓይኔ ብቻ ባይ ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ወለሉ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከላዩ ጭድ። ጭድ ብቻ ከሆነ ሽንት ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

የሚጫነው ከጉብታ ነው። መንገድ ተቆርጦ የወጣበት፣ ከመኪናው ወለል እኩል የሆነ ቦታ ፈልግና መኪናውን በኋላው አስጠጋው። እኛ መስመር ከጉጉፍቱ ወዲህም ወዲያም እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷል። ስታወርድም እንዲሁ ነው፣ ፈረስ ከአይሱዙ አይዘልም። እግሩን ሰብሮ የቀረ አይቻለሁ።

ዳማው እምቢ ብሎ ነበር። አራት ጎረምሳ ከፊት ይጎትታል፣ አንዱ ከኋላ በዱላ ይነካዋል፣ እሱ የኋላ እግሩን ተክሎ ቁጭ ሊል ምንም አልቀረው። አጎቴ መጡና «ልቀቁት» አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ እጥፍ አድርገው ገብስ ቋጠሩበት። ዞረውም ሳያዩት ቀስ ብለው መኪናው ላይ ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። ዝም። ሁላችንም ዝም። ፈረሱ አንድ ኮቴ አሳረፈ፣ መለሰ። ደግሞ አሳረፈ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፣ አፍንጫውን ጋቢው ውስጥ ከቶ ሲያላምጥ አገኘነው። ገመዱ መሬት ላይ እንደወደቀ ነበር።

አስተሳሰሩ ይኸውልህ። ገመዱ አፉ እስከ ጉልበቱ እንዲወርድ የሚፈቅድ ይሁን፣ ግን የፊት እግሩን የሚያሻግርበት ያህል አይርዘም። ብረቱ ላይ በቀጥታ አትሰር። መጀመሪያ ቀጭን የቃጫ ገመድ ቀለበት ብረቱ ላይ እሰርና ዋናውን ገመድ እዚያ ላይ ቋጥር። ፈረሱ ቢወድቅ ቃጫው ይበጠሳል፣ አንገቱ ይተርፋል። ቋጠሮው በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን፣ ቢላም ኪስህ ውስጥ አይጥፋ። ልጓምና ኮርቻ በጉዞ ላይ አይደረግም። ሹፌሩ አጠር አድርግ ካለህ የኔን ታሪክ ንገረው።

ቦታ ካለ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርገህ ወይም በሰያፍ አቁመው። ፍሬን ሲያዝ በጭንቅላቱ ሳይሆን በቂጡ ነው የሚደገፈው፣ እሱም ይሻለዋል። ሁለት ከሆኑ መሃላቸው አጣና ይግባ። ድንጉላና ባዝራ ጎን ለጎን አይጫኑም። ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ጠዋት የተለመደውን ድርቆሽ ይብላ፣ ገብስ አይሰጠው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ሰው ሆዱ ሲበጠበጥ ተፍቶ ይገላገላል፣ እሱ ግን የዋጠውን ይዞ ይሰቃያል፤ ቆሞ በሚውልበት ቀን ደግሞ እህል ሆዱ ውስጥ ይነፋል። በመንገድ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ገመዱ ሲላላ፣ የሚሰጠውም ድርቆሽ ነው፣ ውሃ ረጨት ተደርጎበት፣ አቧራው እንዳይነሳ፣ ዝቅ ብሎ እንዲበላው ወለሉ ላይ።

መንገዱ

ከሹፌሩ ጋር ዋጋ ስትነጋገር ፌርማታውንም ተነጋገር። በየሦስት፣ ቢበዛ በየአራት ሰዓቱ ሞተር ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ያኔ ገመዱን ታላላለህ፣ ውሃ ታቀርባለህ፣ ፈረሱ አንገቱን ይጥላል። ሲያነጥስና አፍንጫውን ሲያራግፍ ደስ ይበልህ፣ ሳንባውን እያጸዳ ነው።

ከደሴ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሳ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጥምዝምዝ ላይ ሹፌሩ ቀስ ይበል፣ ፈረሱ የመኪናውን አወዛወዝ የሚማረው እዚያ ነው። ከሚሴና አጣዬ አካባቢ ጥላ ፈልገህ አንድ ጊዜ አጠጣ። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን አትቆይ። ከተማው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ የኛ ፈረስ የለመደው ደግሞ የጉጉፍቱን ብርድ ነው። እዚያ ምሳ በልተን ሻይ ጠጥተን ስትሉ ፈረሱ ፀሐይ ላይ ይቀቀላል። አመሻሽ ላይ ከደረስክ ደግሞ የዝንቦቹ ሰዓት ነው። በረፋዱ እለፈው። ምሳህን ደብረ ሲና ትበላለህ።

ከዚያ ጣርማበር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጉም፣ ስለት የመሰለ ንፋስ። ከሁለት ሰዓት በፊት ላብ ያጠመቀው ፈረስ አሁን ይንቀጠቀጣል። ዳገቱን ከመጀመርህ በፊት ላቡን በጆንያ ጠርገህ ጀርባውን በብርድ ልብስ ሸፍነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለፈረስ አይበዛበትም፣ ሚስቴ ግን እስካሁን አልተስማማችም።

ደብረ ብርሃን እደር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ልግፋበት ትላለህ፣ አትግፋ። ዘመድ ግቢ አውርደው፣ ሃያ ደቂቃ በእግሩ አንሸራሽረው፣ ተፈቶ ይደር። ከሌላ ፈረስ ጋር አንድ ገንዳ አይጠጣ። በማግስቱ አዲስ አበባን ስታልፍ ለጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ስላለ ሹፌሩ ሰዓቱን አስቀድሞ ይወቅ፣ አለዚያ ከተማው መግቢያ ላይ ፈረስ ጭነህ ተገትረህ ትውላለህ። ከዚያ በሱሉልታ ሙከጡሪ፣ ፍቼ። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው።

በ1888 ከራስ ሚካኤል ጋር ዓድዋ የዘመተው የወሎ ፈረሰኛ አይሱዙ አልነበረውም። «አባ ሻንቆ» እያለ በራሱ በሚካኤል የፈረስ ስም እየፎከረ፣ ፈረሱን በእግሩ እያስኬደ ነው የሄደው። ሳስበው ለፈረሱ ሳንባ የነሱ ይሻላል። በየቀኑ ይሄዳል፣ ማታ ይግጣል፣ አንገቱ መሬት ነው። የኔ ዳማ በሁለት ቀን ይደርሳል ግን ቆሞ።

ስትደርስ

ሦስት ቀን አትጋልብ። ሰርጉ ቅዳሜ ከሆነ ማክሰኞ ማታ መድረስ አለብህ። ዘመዶችህ «እስቲ ውጣበትና እንየው» ይሉሃል፣ ልጆቹ ይጎተጉቱሃል፣ አንተም መታየት ትፈልጋለህ። እምቢ በል። በእጅህ ይዘህ አንሸራሽረው፣ ያ ይበቃል።

ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ለካ። ተራ የፋርማሲ ቴርሞሜትር ይበቃል። ጫፉ ላይ ክር ቋጥርና ክሩን ጭራው ፀጉር ላይ እሰር፣ አለዚያ ወይ ይወድቅና ይሰበራል ወይ ውስጥ ይቀራል። ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቁም። ከ37.5 እስከ 38.5 ደህና ነው። 39 ካለፈ ሐኪም ጥራ፣ ነገ ይሻለዋል አትበል። ድዱን እይ፣ ሮዝና እርጥብ መሆን አለበት። በጣትህ ተጭነህ ልቀቀው፣ የነጣው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ችግር አለ። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጠህ ልቀቅ፣ እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ውሃ አጥሮታል። ፋንድያውን ቁጠር። ይህን ስል ይስቁብኛል፣ ግን ግማሽ ቀን ፋንድያ ያልጣለና ጎኑን ዞሮ ዞሮ የሚያይ ፈረስ ቁርጠት ይዞታል።

ሰላሌ የሳር አገር ነው፣ ድርቆሹ ያስቀናል። አስተናጋጆችህም ለእንግዳ ፈረስ መንፈግ አያውቁም። እዚህ ላይ በትህትና ጠበቅ በል። ከቤት የያዝከውን ድርቆሽ ከነሱ ጋር እየቀላቀልክ፣ በየቀኑ የነሱን እየጨመርክ፣ በሳምንት አሻግረው። ገብስ ቢያቀርቡልህ ተቀበልና በእፍኝ ስጥ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በቀን ጨምርለት፣ ውሃውን ይጠጣል።

ግልቢያው

አሁን ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ግን ሜዳውን መጀመሪያ በእግርህ ዙረው። ሰላሌ ላይ ሁለት ነገር ያታልልሃል። አንደኛው ገደሉ ነው። ሜዳው ልሙጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና ድንገት ያልቃል፣ ከሥር የጀማ ሸለቆ ነው። እኛም ጃማ ወረዳ ላይ እናውቀዋለን፣ ግን የራስህን ገደል በቃልህ ታውቀዋለህ፣ የሰውን አታውቅም። ሁለተኛው መሬቱ ነው። ጥቁር መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የፈረስ ኮቴ ይውጣል፣ ሳር ከሸፈነው ደግሞ አይታይም። ያገሬው ፈረስ በሚሮጥበት መስመር ብቻ ሩጥ። ለዚህ ያካባቢውን ሽማግሌ አስቀድመህ ጠይቅ፤ «አባ፣ ፈረስ የት ድረስ ይሮጣል?» ብትላቸው ራሳቸው ወጥተው ያሳዩሃል። ከሚሴ ገበያ የወጣህ ከሆንክ ኦሮምኛህ ትንሽም ቢሆን አለ፣ ተጠቀምበት። ፈረሱ ፈርዳ፣ ኮርቻው ኮራ፣ «ሱታ» ካሉህ ቀስ በል ነው።

ከመውጣትህ በፊት ግላሱ እንዳይታጠፍ እጅህን አስገብተህ አለስልሰው። የኮርቻውን መቀነት አጥብቅ፣ አስር እርምጃ ምራውና እንደገና አጥብቅ፣ ሆዱን ነፍቶ ነውና የሚጠብቅህ። ሁለት ጣት በመቀነቱ ሥር መግባት አለበት። አስር ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ብቻ ግልቢያ። ሽምጡን ለመጨረሻው አቆየው፣ እሱም አጭር ይሁን።

ጉግስ ከሆነ መጀመሪያ ቆመህ እይ። ማን ይጀምራል፣ በየት በኩል ይዞራሉ፣ ዘንጉ የት ድረስ ይወረወራል፣ ከየአገሩ ይለያያል። እንግዳ ነህና ሁለተኛው ዙር ላይ ብትገባ ማንም አይታዘብህም። አስፋልት ላይ ግን ወርደህ ምራው። በፍቼ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ነው፣ ተሳቢው አይጣል ነው፣ ጡሩምባውን ያልለመደ ፈረስ የት እንደሚገባ አታውቅም።

ስትጨርስ ላቡ እስኪደርቅ አንሸራሽረው። ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ክርኑ ሥር በግራ በኩል ልቡን ዳብስና ቁጠር። በደቂቃ ከ64 በታች መውረድ አለበት። ካልወረደ የዛሬው በቃው፣ ነገም ያርፋል።

መመለሻ

ከግልቢያው በኋላ ሁለት ቀን አሳርፈህ በመጣህበት አኳኋን ተመለስ። ሰው መመለሻ ላይ ይቸኩላል፣ ሹፌሩም «አሁን ለምዷል» ይላል። የገመዱ ልክ ያው ነው፣ ፌርማታውም ያው ነው።

ቤት ስትደርስ ከሌሎቹ የጋማ ከብቶች ጋር ወዲያው አትቀላቅለው። ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይደር፣ ሙቀቱን እየለካህ፣ እግሩንና አንገቱን ለእባጭ እየዳበስክ። ግላሱን አጥበህ ፀሐይ ላይ አስጣ። የኔ ዳማ ገና ከጉብታው ሳይወርድ ነው የአጎቴን ጋቢ ያሸተተው። እሳቸውም አላሳፈሩትም፣ እፍኝ ገብስ ጫፉ ላይ ቋጥረው ነበር።